ክሩን ማን ይፍታልኝ?

«ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሹሩባ፣ በኋላም በሹሩባው ላይ ሂውማን ሄር እያሰፋሁ ስኖር ግንባሬና ጆሮ ግንዴ አካባቢ ያለው ፀጉር አልቆ ቀረ። ዓመታት ቆጥቤ ደልሂ ሄድኩና የፀጉር ንቅለ ተከላ አሠራሁ። ከማጅራቴ በላይ ቆዳ ቆርጠው ወስደው ቦታውን ሰፉት። ወረቀቱ ክሩ ከ12ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይውጣ ይላል። የሥራ ፈቃዴ ስላለቀ በ6ኛው ቀን ተመለስኩ፤ ዛሬ 8ኛ ቀኔ ነው። አስቀድሜ ልጠይቅ ብዬ ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ ብሄድ «እኛ ያልሰፋነውን አንነካም፣ የሰፋሽ ጋ ሂጂ» አሉኝ። ፀጉር ሠሪዬ «እኔ በመቀስ እፈታልሻለሁ» ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ ዩቲዩብ አይቶ ራሱ ሊፈታው ተነሥቷል። ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም፤ አማቴ ለሥልጠና የሄድኩ ነው የሚመስላቸው። በሚቀጥለው ወር የባለቤቴ እህት ሠርግ አለ፤ ሴቶቹ ሁሉ ሹሩባ ይሠራሉ። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ይህን ስታነቢ 10ኛ ወይም 11ኛ ቀንሽ ላይ ትሆኛለሽ። ጊዜ አለሽ፣ አትደንግጪ። መልሴን በአጭሩ ልንገርሽ፤ ክሩን ነርስ ትፍታልሽ፤ ባልሽም ፀጉር ሠሪሽም አይንኩት። ወደዚያው ጤና ጣቢያ ተመልሰሽ ሂጂ። በዚህኛው ጊዜ ግን ወረቀትሽን ይዘሽ፣ ምን እንደተሠራልሽም አፍ አውጥተሽ ተናግረሽ።

እኔ በቁስል ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ነኝ። ክር መፍታት እዚያ ክፍል የየዕለት ሥራ ነው። በኦፕራሲዮን የወለደች እናት ትመጣለች፣ ከሞተር የወደቀ ወጣት ይመጣል፣ ደረጃ ላይ ተሰናክሎ ግንባሩ የተፈነከተ ሕፃን ይመጣል። የራስ ቆዳ ደግሞ ደም በብዛት የሚያገኝ ቦታ በመሆኑ ከሌላው አካል ቶሎ ይድናል፤ የእግር ቁስልን ያህል ኢንፌክሽን አያስቸግረውም። ደልሂ መሰፋቱ ስፌትሽን የተለየ አያደርገውም። አገር ውስጥ ከሚሰፋው የተለየ ክርም አይደለም።

ታዲያ ለምን መለሱሽ? በደብዳቤሽ ወረቀቱን አሳየኋቸው አላልሽም፤ ምን እንደተሠራልሽ ነገርኳቸውም አላልሽም። እስቲ ነርሷ ያየችውን አስቢው። ካርድ ያላወጣች፣ በሻሽ የተሸፈነች፣ ማጅራቷ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተሰፋች ሴት ቆማ «ክር ትፈታላችሁ ወይ» ትላታለች። መቼ ተሰፋ? በምን ክር? ከስር ሌላ ስፌት አለው? ይህን ሳታውቅ ፈትታው ቁስሉ ቢከፈት ተጠያቂዋ እሷ ናት። «አንነካም» ያለችሽ አብዛኛውን ፈርታ ነው። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ የሴት ጭንቅላት ላይ እንዲህ ያለ ቁስል ሲታይ «ማን መታሽ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ይህን መጠየቅ የጤና ባለሙያ ግዴታ ነውና አትቀየሚ። እውነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ከነገርሻቸው ጥያቄው እዚያው ያበቃል።

ጠዋት፣ ወረፋው ሳይበዛ ሂጂና መጀመሪያ ካርድ አውጪ። ከሆስፒታሉ የሰጡሽን የሕክምና ማጠቃለያ ዋናውን ከነኮፒው ያዢ። ቀዶ ሕክምናው የተሠራበትን ቀን፣ የክሩን ዓይነትና የሚወጣበትን ቀን በእስክሪብቶ አስምሪበት፤ ሰው በሚበዛበት ክፍል ውስጥ ሙሉ ገጽ እንግሊዝኛ ቁጭ ብሎ የሚያነብ የለም። ከዚያ እንዲህ በያቸው፤ «ከአገር ውጭ የፀጉር ንቅለ ተከላ ተሠርቶልኛል። ከኋላ የተሰፋው ክር የሚወጣበት ቀን ደርሷል። ከፊት የተተከለው ፀጉር ገና ስለሆነ እንዳይነካብኝ።» ተረኛዋ አሁንም ካመነታች በትሕትና ከጤና መኮንኑ ወይም ከሐኪሙ ጋር አገናኚኝ በያት። ካልሆነም ሪፈር ይጻፉልሽና ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ሂጂ፤ እዚያው አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፣ የቀዶ ሕክምና ክፍልም አለው። አቅሙ ካለሽ የቀዶ ሐኪም ወይም የቆዳ ሐኪም ያለበት የግል ክሊኒክም ይሠራልሻል። ደልሂ ያለው ሐኪምሽ የዋትሳፕ ቁጥር ሰጥቶሽ ከሆነ ደግሞ የስፌቱን ፎቶ በቀን ብርሃን አንሺና ከመሄድሽ በፊት ላኪለት። «ይውጣ» ብሎ የጻፈልሽን መልእክት ለነርሷ ብታሳያት እሷም ትረጋጋለች።

አሁን ክፍሉ ውስጥ ምን መሠራት እንዳለበት ልንገርሽ፤ አውቀሽው ብትገቢ ትክክል ያልሆነ ነገር ስታዪ ቆይ ማለት ትችያለሽ። ስፌቱ ላይ የደረቀ ቅርፊት ካለ በሳላይን (ንጹሕ የጨው ውኃ) በራሰ ጎዝ እስኪለሰልስ ይቆያል፤ በደረቁ አይቀረፍም። በዙሪያው ያለው ፀጉር ወደ ላይና ወደ ታች ተከፍሎ በክሊፕ ይያዛል። መላጨት አያስፈልግም። በእኛ ፀጉር ላይ የሚያስቸግረው ነገር እዚህ ይመጣል። ክሩ ጥቁር ናይለን ከሆነ ከጥቁር ጥቅል ፀጉር መሃል አይለይም። ባልደረባዬ በሞባይል መብራት እያበራችልኝ፣ እኔ በጣቴ ጫፍ እየዳበስኩ የፈለግኩበት ጊዜ አለ። ፀጉር በጣት ሲነኩት ይተኛል፤ የተቆረጠ የክር ጫፍ ግን ይወጋል። ሰማያዊ ክር ከሆነ እሰየው። ቋጠሮው ሲገኝ በመቆንጠጫ ቀና ይደረግና ክሩ ከቋጠሮው ስር፣ ቆዳውን ታክኮ በአንድ በኩል ብቻ ይቆረጣል፤ ከዚያ ወደ ቁስሉ መስመር አቅጣጫ ይሳባል። ወደ ውጭ ከተሳበ የቁስሉን ከንፈር ይከፍታል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ረጅም ስፌት ብዙ ሐኪሞች አንድ ክር ከዳር እስከ ዳር እያዞሩ ይሰፋሉ፤ ቋጠሮ የሚኖረው በሁለቱ ጫፍ ብቻ ነው። ይህን ከአንድ ጫፍ ይዞ መምዘዝ ስህተት ነው። ከላይ ውሎ ያደረው፣ ላብና አቧራ የጠጣው ክር በሙሉ በቆዳሽ ውስጥ ያልፋል። እያንዳንዱ ዙር ለየብቻ ተቆርጦ ቁራጭ ቁራጩ መውጣት አለበት። አንድ አንድ ተብሎ የተቋጠረ ስፌት ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እየዘለሉ ግማሹን መፍታት፣ ቁስሉ መያዙን ማየት፣ ከዚያ የቀረውን መጨረስ ነው። የሆነ ቦታ ላይ ትንሽ የመከፈት ምልክት ከታየ እዚያ ያለው ክር ይቆይ፤ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ተመለሺ። ወረቀትሽ ላይ ከስር በራሱ የሚሟሟ ክር ተሰፍቷል የሚል ካለ እሱ አይፈለግም፣ አይቆፈርም። በክር ፈንታ ብረት ስቴፕል ከሆነ ደግሞ የራሱ መንቀያ አለው፤ በመቀስና በፒንሳ መጎርጎር አይሆንም። መንቀያውን ከዚያው ሰጥተውሽ ሊሆን ስለሚችል የመድኃኒት ቦርሳሽን ፈትሺ።

ማደንዘዣ አያስፈልግም። የሚሰማሽ ትንሽ የመሳብና የመቆንጠጥ ስሜት ነው። ማጅራትሽ አካባቢ ደንዝዞ ስለሚሆን ጭራሽ ላይሰማሽም ይችላል፤ ይህ መደንዘዝ ከሳምንታት እስከ ወራት ሊቆይ ይችላል፣ ቀስ በቀስም ይመለሳል።

ባለቤትሽ ሊረዳሽ መነሣቱ ደግነቱን ያሳያል። ግን ዩቲዩብ ላይ የታየው በብርሃን የተሞላ ክፍል፣ የተቀቀለ መሣሪያና ስንቱን ክር የፈታ እጅ ነው። ቤት ውስጥ የጥፍር መቁረጫ ይዞ፣ በጥቁር ፀጉር መሃል ጥቁር ክር እየፈለገ፣ ቁራጭ ክር ውስጥ ቀርቶ ቢሰበርበት ምን ያደርጋል? ውስጥ የቀረ ክር ከሳምንታት በኋላ መግል ይዞ ይወጣል። ፀጉር ሠሪሽም ብትሆን ሙያዋን አከብራለሁ፤ ግን መቀሷ ከሰው ወደ ሰው የሚዞር መቀስ ነው። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስም ሆነ ኤች አይ ቪ በደም በተነካ መሣሪያ ይተላለፋል፤ በአልኮል መጥረግ ብቻውን መሣሪያውን ንጹሕ አያደርገውም። «አይ፣ ሐኪም ይፈታልኛል» በያት፤ ካዘነችም ታዝን። ባለቤትሽ አብሮሽ ይሂድና ወረፋ ይያዝልሽ፤ ወረቀቱን እሱ ይያዘው፤ ስትወጪም ደግፎ ቤትሽ ያድርስሽ።

ቀኑን በተመለከተ ወረቀትሽ ያለውን ጠብቂ። ከ10ኛው ቀን በፊት አይሁን፤ ገና አልያዘም። ከ14ኛው ቀን ደግሞ ብዙ አታሳልፊ። ክር ቆዳ ውስጥ ሲቆይ በዙሪያው ቆዳ ይበቅልበትና እንደ መሰላል እርከን ያለ ምልክት ትቶ ይሄዳል፤ የመመርቀዝ ዕድሉም ይጨምራል። 14ኛው ቀን እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋለብሽ በ13ኛው ሂጂ።

ስለ ፊተኛው ፀጉር። የተተከለው ፀጉር ወደ 10ኛው ቀን ሲደርስ ሥሩ ይይዛል፤ ከዚያ በፊት ግን መፈተግ፣ መቧጠጥ፣ ሻሽ አጥብቆ ማሰር ሊነቅለው ይችላል። ለዚህ ነው ለነርሷ ንገሪያት ያልኩሽ። ሳታውቅ በቤታዲን ጎዝ ግንባርሽን ሙልጭ አድርጋ ልትጠርገው ትችላለች፤ ከኋላ ላለው ስፌት የሚደረግ ነገር ከፊት ላለው አይደረግም። ሻሽሽ ንጹሕ ጥጥ ይሁን፣ ላላ ብሎ ይታሰር፣ በየቀኑ ይቀየር። ነጠላ ጣል ማድረግ ችግር የለውም። ቅቤ ግን በፍጹም። አማትሽ ራስሽን ሲያመሽ አይተው ለጋ ቅቤ ልቀባሽ እንደሚሉሽ አልጠራጠርም፤ በፍቅር ነው የሚሉት። ቁስል ላይ የተቀባ ቅቤ ቆሻሻና ጀርም ይይዛል፤ ቅርፊቱንም ሳያጠራ ያከማቻል። ቢያንስ አንድ ወር ይቆይ፤ ከዚያም ሐኪምሽን ጠይቀሽ።

ከ2ኛው ሳምንት በኋላ የተተከለው ፀጉር መርገፍ ይጀምራል። ብዙ ሰው ገንዘቤ ውኃ በላው ብሎ የሚያለቅሰው በዚህ ጊዜ ነው። የሚረግፈው ዘንጉ ነው፣ ሥሩ ውስጥ አለ። ከ3ኛው ወይም ከ4ኛው ወር ጀምሮ ቀጭን ሆኖ ብቅ ይላል፤ ሙሉውን ውጤት የምታዪው ግን ዓመት ሲሞላ ነው።

ክሩ ወጣ ማለት ቁስሉ ጠነከረ ማለት አይደለም፤ ይህን በተለይ እንድትይዢልኝ እፈልጋለሁ። የተሰፋ ቆዳ በ3ኛው ሳምንት ያለው ጥንካሬ ከጤነኛው ቆዳ አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ከ3 ወር በኋላም ቢሆን የሚደርሰው ወደ 80 በመቶ ነው። ኮንዶሚኒየም ኑሮ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ውኃ ሲጠፋ 20 ሊትር ጀሪካን በደረጃ ይወጣል፤ ልብስ በእጅ ይታጠባል። ቢያንስ ለአንድ ወር ጀሪካን አታንሺ፤ አገጭሽን ደረትሽ ላይ አስደግፈሽ ለረጅም ጊዜ አጎንብሰሽ አትሥሪ፤ አንገት ሲታጠፍ የማጅራት ቆዳ ይሳባል፣ ጠባሳውም ይሰፋል። ውኃውን ባለቤትሽ ያውጣ። ክሩን ለመፍታት የተነሣበትን ጉልበት እዚያ ያውለው።

ስፌቱ አካባቢ ትንሽ ማሳከክና ቀላል መቅላት የተለመደ ነው። ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን እየባሰ ከሄደ፣ ቦታው ከሞቀና ካበጠ፣ መግል ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ ከታየ፣ ትኩሳት ከያዘሽ፣ ወይም የስፌቱ ዳር እየጠቆረ ከደረቀ ግን አትጠብቂ። የዚያኑ ዕለት ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ቁስሉ ቢከፈትም እንደዚያው፤ ንጹሕ ጎዝ አድርገሽ ጫን እያልሽ ሂጂ። ከፋርማሲ በራስሽ አሞክሳሲሊን ገዝተሽ አትዋጪ፤ መግሉ መውጣት ካለበት ኪኒኑ አያወጣውም። ከፍ ያለ ነገር ካጋጠመ የካቲት 12 ሆስፒታል የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ክፍል አለው። ከዚህ በፊት የጆሮ ጌጥ ስትበሺ ወይም ሌላ ቁስል ሲድንልሽ ጠባሳው አብጦ የሚወጣ ዓይነት ቆዳ ካለሽ በሚቀጥሉት ወራት ማጅራትሽን በየጊዜው ዳብሺ። እየጠነከረና ከፍ እያለ ከሄደ ቶሎ የቆዳ ሐኪም ይየው፤ ገና ሲጀምር በመርፌ ሊታከም ይችላል።

ይህን ለምታነቡና ለመሄድ ለምታስቡ ሌሎችም አንድ ቃል አለኝ። ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁ። ከኋላ ቆዳ ተቆርጦ የሚሰፋ ነው ወይስ ሥሩ አንድ በአንድ የሚወጣበት? ሁለተኛው ስፌት የለውም። የተጠቀለለ ፀጉር ግን ከቆዳ ስር ያለው ሥሩም የታጠፈ ስለሆነ አንድ በአንድ ሲወጣ ሊቆረጥ ይችላል፤ አንዳንድ ሐኪሞች ለእኛ ዓይነት ፀጉር ቆርጦ መስፋትን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ጭንቅላቷን መላጨት ለማትፈልግ ሴትም ይመቻል፤ ከላይ ያለው ፀጉር ስፌቱን ይሸፍናል። ስፌት ካለው ክሩ እስኪወጣ እዚያው መቆየት የሚበልጥ የለም። ካልተቻለ በራሱ የሚሟሟ ክር መጠቀም ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ የክሩ ዓይነትና የሚወጣበት ቀን በግልጽ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያለው ወረቀት ሳትይዙ አውሮፕላን አትግቡ።

እህቴ፣ ወደ ሹሩባው ልመለስ። ፀጉር እየተሳበ ማለቁ የእኛ አገር ሴቶች ብቻ ጣጣ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ትሬቢች የተባለ ሐኪም ፀጉራቸውን አጥብቀው በሚያስሩ የግሪንላንድ ሴቶች ላይ አይቶ ጽፎታል። መጀመሪያ ላይ፣ ሥሩ ሳይሞት ከተተወ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ሥሩ በጠባሳ ይተካል። አንቺ የደረስሽው እዚያ ነው። ኖርማን ኦረንትራይክ የተባለ የኒው ዮርክ የቆዳ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1959 እንዳሳየው ከማጅራት የተወሰደ ፀጉር ግንባር ላይ ቢተከልም የማጅራት ጠባዩን ይዞ ይበቅላል። ይህ በተፈጥሮ ለሚረግፍ ፀጉር ትልቅ ነገር ነው። ከመሳብ ግን አያድንም። አጥብቀሽ ብትጎንጎኚው አዲሱም እንደ አሮጌው ይነቀላል፤ ከኋላ ቆርጦ የሚወሰደው ቆዳ ደግሞ ማለቂያ የሌለው አይደለም። ፀጉሩ እያደገ ሲሄድ እንዴት እንደምትይዢው ዘነበወርቅ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞችን ማማከር ትችያለሽ፤ በዚህ የለመዱ ናቸው።

ስለዚህ ለሠርጉ ሹሩባ የለም። ላላ ያለውም፣ ከፊት ብቻ የሚሠራውም፣ ዊግም፣ ካስክ ስር መቀመጥም ይቅር። ፀጉርሽ ታጥቦ በተፈጥሮው ይለቀቅ፤ ከፊት ያለውን የሚሸፍን ሰፋ ያለ ሻሽ ከሐበሻ ቀሚስሽ ጥለት ጋር አስመስለሽ እሰሪ፤ ላላ አድርገሽ። ለአማትሽ ደልሂን መንገር አለብሽ አልልሽም፣ ያ የአንቺና የባልሽ ነው። ግን ሴቶቹ ሹሩባ ሊሠሩ ሲሰበሰቡ «ነይ፣ ተቀመጪ» ሲሉሽ ምክንያት ፍለጋ እንዳትጨነቂ ባለቤትሽ አስቀድሞ ለእናቱና ለእህቱ እንዲህ ይበል፤ «ራሷ ላይ ቁስል ነበረባት፣ ታክማለች፣ ሐኪም ሹሩባም ቅቤም ለጊዜው ከልክሏታል።» ይህ ውሸት የለበትም። ክሩ ሲወጣ እንዴት እንደሆነልሽ ጻፊልኝ፤ ጤና ጣቢያው በድጋሚ ከመለሰሽም ዛሬ ነገ ሳትዪ የዚያኑ ዕለት ጻፊልኝ።